«የአሻንጉሊት ቤት»፦ ባልየውን ክፉ ያላደረገው ፊልም

ባለፈው የገና ሰሞን ከእናቴ፣ ከታናሽ ወንድሜና ኩዌት ሰባት ዓመት ሠርታ ከተመለሰች ጎረቤታችን ጋር ሆነን «የአሻንጉሊት ቤት» የተባለውን ፊልም አየን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዛዊው ፓትሪክ ጋርላንድ ዳይሬክተርነት የተሠራ ነው። መሠረቱ ኖርዌያዊው ጸሐፌ ተውኔት ሄንሪክ ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ለኅትመት ያበቃው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮፐንሃገን በሚገኘው ንጉሣዊ ቲያትር ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው፣ ከዚያ ወዲህም ተመልካቹን ለሁለት ከፍሎ ሲያከራክር የኖረው ተውኔት ነው። ታሪኩ በገና ዋዜማ ተጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ ስለሚያልቅ ወቅቱ የሚስማማ መስሎኝ ነበር የመረጥሁት። ያገኘነው ቅጂ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አልነበረውም። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ አጠገቧ ተቀምጬ፣ አስፈላጊ በሆነበት ሁሉ ፊልሙን እያቆምሁ ተረጎምሁላት። በዚህ ምክንያት ከሁለት ሰዓት ያነሰው ፊልም ከሦስት ሰዓት በላይ ወሰደብን፤ ነገር ግን ለብቻዬ ባየው ኖሮ የማላስተውለውን ብዙ ነገር ያስተዋልሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጸው። ኖራና ቶርቫልድ ሄልመር ከተጋቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሦስት ልጆችም አፍርተዋል። በትዳራቸው መጀመሪያ ላይ ቶርቫልድ በጠና ታሞ፣ ሐኪሞች ሞቃት አገር ካልሄደ እንደማይተርፍ በምስጢር ለሚስቱ ይነግሯታል። በዚያ ዘመን በኖርዌይ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር አትችልም ነበርና፣ ኖራ የአባቷን ፊርማ በዋስትና ሰነድ ላይ አስመስላ ፈርማ ከአንድ ክሮግስታድ ከሚባል ሰው ገንዘብ ትበደራለች፤ ለባሏ ግን ገንዘቡን የሰጠን አባቴ ነው ትለዋለች። ባልየው ጣሊያን ሄዶ ይድናል። እሷም ከቀለብና ከልብስ ገንዘቧ ላይ እየቆጠበች፣ አንድ ክረምት ሙሉ ደግሞ ሌሊት ሌሊት በር ዘግታ የጽሑፍ ግልበጣ ሥራ እየሠራች ዕዳዋን ትከፍላለች። ፊልሙ ሲጀምር ቶርቫልድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሹሟል፤ ሊያሰናብተው ከወሰነው ሠራተኛ አንዱ ደግሞ ያው ክሮግስታድ ነው። ሰውየው ሰነዱን ይዞ ይመጣል። ፊርማው የተጻፈበት ቀን አባትየው ከሞቱ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ወደ ፊልም ለመለወጥ የሚነሣ ሰው ሁሉ በቅድሚያ መወሰን ያለበት ባልየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነው። ጨካኝ ካደረገው፣ ሚስትየው ስትወጣ ተመልካቹ «እሰይ» ብሎ ይነሣል፤ የሚያስበውም ነገር አይቀረውም። የጋርላንድ ፊልም ትልቁ ብርታት ይህን ቀላል መንገድ አለመምረጡ ነው። ቶርቫልድን የሚጫወተው፣ በዚያን ጊዜ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የነበረው አንቶኒ ሆፕኪንስ ነው። የእሱ ቶርቫልድ ሚስቱን ይወዳል፤ ይጫወታታል፤ ሲያያት ዓይኑ ይበራል። አይሰክርም፤ አይመታም፤ ከሌላ ሴት ጋር አይሄድም። በእኛ ሰፈር ቢሆን «ምን ጎደላት?» የሚባልላት ሚስት ባል ነው። ስለዚህ ተመልካቹ የጎደለውን ነገር ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው ይገደዳል።

የእናቴን ፊት እያየሁ ይህን ተረዳሁ። ቶርቫልድ ሚስቱን በስሟ ከሚጠራት ይልቅ «ወፌ»፣ «ሽኮኮዬ» እያለ የሚጠራበት ጊዜ ይበዛል። ቃሉን ስተረጉምላት እናቴ ፈገግ አለች። «ሲወዳት ነው እንጂ፤ ምናለበት?» አለችኝ። በአማርኛ «የኔ ወፍ» መባል የፍቅር እንጂ የንቀት ቃል አይደለምና ፈገግታዋ ትክክል ነበር። ወዲያው ግን ከለውዝ የሚሠራው ጣፋጭ ብስኩት ጉዳይ መጣ። ቶርቫልድ ጥርስሽን ያበላሸዋል ብሎ ስለከለከላት፣ ኖራ ገዝታ ያመጣችውን ብስኩት በስውር በልታ አፏን ትጠርጋለች፤ የተረፈውንም ትደብቃለች። እሱም ጣቱን እያወዛወዘ በልተሽ እንደሆነ ንገሪኝ እያለ ይመረምራታል፤ እሷም እንደ ሕፃን ትምላለች። እናቴ ፊልሙን እንዳቆመው በእጇ ምልክት ሰጠችኝና «የሦስት ልጆች እናት አይደለችም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ናት አልኋት። ከዚያ በኋላ «ወፌ» በተባለ ቁጥር ፈገግ ስትል አላየኋትም። ኢብሰን ከአንድ መቶ አርባ ዓመት በፊት የጻፈው ነገር ያለ ምንም ማብራሪያ በአንድ ብስኩት አማካይነት እናቴ ዘንድ ደረሰ።

ኖራን የምትጫወተው ክሌር ብሉም ናት። እንደ ወንድሜ ያሉ ተመልካቾች በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እሷ ላይ የሚያነሡት ቅሬታ አለ፤ ዕድሜዋ ለሚናው ትንሽ ገፍቷል፣ መሽኮርመሟም የተጠና ይመስላል ይላሉ። ቅሬታው መሠረት የለውም ማለት አልችልም። ብሉም በዚያን ጊዜ አርባን አልፋለች፤ ይህንኑ ሚና ፊልሙ ከመሠራቱ ሁለት ዓመት በፊት በኒው ዮርክ መድረክ ላይ በተመሳሳዩ ዳይሬክተር ሥር ተጫውታዋለች፤ አንዳንዱ እንቅስቃሴዋ ሩቅ ለተቀመጠ የቲያትር ተመልካች የታሰበ መሆኑ ያስታውቃል። ሆኖም ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው ሐሳቤን ለወጥሁ። የተጠና የሚመስለው ነገር የኖራ እንጂ የተዋናይዋ አይደለም። ኖራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለባሏ ስትተውን የኖረች ሴት ናት። ገንዘብ ስትፈልግ ድምፅዋን ታለሳልሳለች፤ ደብዳቤ ወዳለበት ሣጥን እንዳይሄድ ስትፈልግ ዳንስ አስተምረኝ ትለዋለች። ቁልፉ ያለው ባልየው ዘንድ ብቻ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ክሮግስታድ ጉዳዩን ሁሉ ዘርዝሮ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ብሉም እየደነሰች ፊቷ ላይ የሚታየውን ሥጋት ባልየው የጭፈራ ሙቀት አድርጎ ይወስደዋል። እኛ ግን እናያለን። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ክፍል ያየነው መሽኮርመም ሁሉ ትርጉሙ ይለወጣል።

ስለ ሌሎቹ ተዋንያን ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ ሁሉም ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። ራልፍ ሪቻርድሰን መሞቻው መቃረቡን የሚያውቀውን ዶክተር ራንክን ሲጫወት ሐዘኑን ወደ ልቅሶ ሳይወስድ ይዞት ይዘልቃል። ዴንሆልም ኤሊዮት ደግሞ ክሮግስታድን ልጆቹ ፊት ስሙን ማደስ የሚፈልግ የተዋረደ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። ስለ ኢዲት ኢቫንስ ግን ቆይቼ እመለሳለሁ።

ፊልሙን ፊልም ያደረገው ደብዳቤው የሚነበብበት ቦታ ነው። ኖራ ለስምንት ዓመት በልቧ ይዛው የኖረችው አንድ እምነት አለ፦ ነገሩ የተገለጠ ዕለት ባሌ ከፊቴ ቆሞ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይወስዳል። ቶርቫልድ ደብዳቤውን አንብቦ ሲወጣ ግን ሆፕኪንስ እስከዚያ ድረስ ሰውሮት የቆየውን ቁጣ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ግብዝ፣ ውሸታም፣ ወንጀለኛ ይላታል። የአባቷን ስም ያነሣል። ልጆቹን ከእንግዲህ አንቺ አታሳድጊም ይላታል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እናቴን ያስደነገጣት ቀጥሎ የተናገረው ነው፤ ነገሩ ተዳፍኖ መቅረት አለበት፣ በሰው ፊት እንደ ድሯችን ሆነን መታየት አለብን ይላል። ይህን ስተረጉም ተስማሚ ቃል ፍለጋ አልተቸገርሁም። «ገበናችን እንዳይወጣ ነው የሚለው» አልኋት። እናቴም ራሷን ነቀነቀች። ገበና መሸፈን በእኛ ዘንድ ትልቅ የትዳር ምግባር ነው፤ እናቴም ስታስተምረን የኖረችው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ የቶርቫልድ ሽፋን ለሚስቱ ሳይሆን ለራሱ ስም ብቻ የተዘረጋ መሆኑን በዚያች ደቂቃ ከፊልሙ ላይ አየነው። ወዲያው ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣል፤ ክሮግስታድ ሰነዱን መልሷል። ቶርቫልድ «ድኛለሁ!» ብሎ ይጮኻል። «እኔስ?» ትለዋለች ኖራ። አንቺም እንጂ፣ ሁለታችንም ድነናል ይላል። እዚህ ላይ ጎረቤታችን «አሁን ገና ትዝ አለችው» አለች።

ከዚያ በኋላ ሆፕኪንስ የሚሠራው ሥራ ከቁጣው ይበልጥ ያስፈራል። ወዲያው ወደ ቀድሞ ለስላሳነቱ ይመለሳል፤ ይቅር ብዬሻለሁ እያለ ያባብላታል። ተመልካቹ የሚረዳው ፍቅሩ ውሸት አለመሆኑን ነው፤ እውነተኛ ነው፣ ግን ከእሱ ክብር ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ብቻ። ኖራ የግብዣ ልብሷን አውልቃ የዘወትር ልብሷን ለብሳ ትመለስና፣ ተቀመጥ፣ የምንነጋገረው ነገር አለ ትለዋለች። ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እንደ ባልና ሚስት ቁም ነገር ስንነጋገር ይህ የመጀመሪያችን ነው ትለዋለች። ጋርላንድ እዚህ ላይ ምንም ጌጥ አልጨመረም፤ ሁለት ሰዎችን ቤት ውስጥ ትቶ ንግግራቸውን ያሰማናል። ክሪስቶፈር ሃምፕተን የጻፈው ስክሪፕትም ከተውኔቱ ብዙም አልራቀም። ፊልሙ የተቀረጸ ቲያትር ነው ብለው የሚነቅፉት አሉ። እኔ ግን ከዚያ ቤት ብዙም ሳንወጣ በመቆየታችን፣ በመጨረሻ በሩ ሲዘጋ ምን እንደተዘጋ ልናውቅ ቻልን ብዬ አምናለሁ።

ኖራ ባሏንና ልጆቿን ትታ ወጥታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ሳሎናችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። ወንድሜ የተቆጣው በመሄዷ ሳይሆን በአኳኋኗ ነበር። «ሽማግሌ ሳይገባ፣ ዘመድ ሳይሰማ፣ በአንድ ሌሊት እንዴት ትዳር ይፈርሳል?» አለ። ጥያቄው ከእኛ አገር ተመልካች በቀር ከሌላ የሚመጣ አይመስለኝም፤ ነገር ግን የተውኔቱን አንድ ትልቅ እውነት ይነካል። በዚያ ቤት ሽማግሌ የሚሆን ሰው የለም። የኖራ አባት ሞተዋል፤ የቤተሰቡ ወዳጅ ራንክ በዚያው ሌሊት በሩን ዘግቶ ሞቱን ለመጠበቅ ተሰናብቷል። ቶርቫልድ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ይቅር ባይ ሆኖ ቀርቷል። ሕጉም ከእሱ ጋር ነበር። በእኛም አገር ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ እንደነበረና ይህ የተሻረው በ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ መሆኑን ለወንድሜ አስታወስሁት። እሱም «እኔ የምለው ስለ ሕግ አይደለም» አለ። በዚህ አልተስማማንም።

ከዚህ ይበልጥ የከረረው ክርክር ግን የልጆቹ ነበር። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ተውኔቱ በጀርመን ሲቀርብ ኖራን እንድትጫወት የተመረጠችው ሄድቪግ ኒማን ራቤ፣ እኔ ልጆቼን ጥዬ አልሄድምና ይህን መጨረሻ አልጫወትም አለች። ኢብሰን ሌላ ሰው እንዳያበላሽበት ሲል ራሱ የተለወጠ መጨረሻ ጻፈላት፤ በዚያ መጨረሻ ቶርቫልድ ኖራን ወደ ልጆቹ መኝታ ክፍል በር ይወስዳታል፣ እሷም እዚያው ትወድቃለች። ደራሲው ግን ይህን በሥራው ላይ የተፈጸመ አረመኔያዊ ግፍ ብሎ ጠርቶታል። ለተውኔቱ መነሻ የሆነችው የኢብሰን ወዳጅ ላውራ ኪለር ደግሞ በራሷ ፈቃድ አልወጣችም። የባሏን የሳንባ ነቀርሳ ለማሳከም የተበደረችውን ገንዘብ መክፈል ቢያቅታት ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጀች፤ ባሏ ነገሩን ሲያውቅ ልጆቿን ከእሷ ለይቶ የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ እንድትገባ አደረገ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ተመልካች ኖራ በገዛ እግሯ ስትወጣ ሌላ ነገር ያያል።

እናቴ ግን ይህን ሁሉ ብነግራትም አልተቀበለችውም። «ትሂድ፤ ግን ልጆቿን ይዛ ትሂድ» የሚለው ነበር ፍርዷ። መልሱን የሰጠቻት ጎረቤታችን ናት፤ የሰጠቻትም ከፊልሙ ውስጥ፣ እኔ በደንብ ሳልተረጉም ካለፍሁት አንድ ትንሽ ቦታ አንሥታ ነው። ኢዲት ኢቫንስ የምትጫወታት ሞግዚት አን ማሪ፣ ኖራን ራሷን ያሳደገች፣ አሁን ደግሞ የኖራን ልጆች የምታሳድግ አሮጊት ናት። ኖራ፣ ልጅሽን ለባዕድ ሰጥተሽ መምጣት እንዴት አስቻለሽ ብላ ትጠይቃታለች። ሞግዚቷም፣ አንቺን ለማጥባት ስመጣ ግድ ነበር፣ በችግር ላይ ለወደቀች ድሃ እንዲህ ያለ ቦታ መገኘቱ ዕድል ነው ብላ ትመልሳለች። ልጇ ስታገባና ቁርባን ስትቀበል ደብዳቤ እንደጻፈችላት ጨምራ ትናገራለች። ይኸው ነው። ኢቫንስ ይህን ያለ ምንም ማማረር፣ እንደ ዘወትር ወሬ አድርጋ ስለምታቀርበው ብዙ ተመልካች ሳያስተውለው ያልፋል።

ጎረቤታችን አላለፈችውም። «እኔም የሁለት ዓመት ልጅ ጥዬ ነው የሄድኩት» አለች ለእናቴ። «ማንም ጨካኝ አላለኝም፤ ጎበዝ ነው የተባልኩት። ብር ስለምልክ ነው?» እናቴ መልስ አልሰጠችም። እኔም ስለዚህ ተውኔት የተባሉትን ብዙ አስተያየቶች ሳስብ፣ ኖራን ልጅ ጥላ ሄደች ብለው የሚወቅሱት ሰዎች አን ማሪን ሲያነሡ እምብዛም ሰምቼ አላውቅም። አንዲት እናት ድህነት ሲያስገድዳት ልጇን ብትተው ዕጣ ፈንታዋ ነው፤ ሌላዋ ሰው ልሁን ብላ ብትሄድ ግን ኃጢአት ነው። የጋርላንድ ፊልም ኢዲት ኢቫንስን የሚያህል ታላቅ ተዋናይ ለዚህ ትንሽ ሚና መመደቡ ጥያቄው እንዲሰማ አድርጓል፤ ለእኔ ከፊልሙ በረከቶች አንዱ ይህ ነው።

በዚያው በ1973 ጆሴፍ ሎዚ ይህንኑ ተውኔት ጄን ፎንዳን ይዞ ሠርቶት ስለነበር የትኛውን ልይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሁለቱንም አይቻለሁ። የሎዚ ፊልም ሮሮስ በምትባለው የኖርዌይ የማዕድን ከተማ የተቀረጸ በመሆኑ ለዓይን ያማረ ነው፤ በረዶው፣ የእንጨት ቤቶቹ፣ ብርሃኑ ሁሉ እውነተኛ ናቸው። ነገር ግን ተውኔቱ በትዝታ ብቻ የሚጠቅሰውን ያለፈ ታሪክ አስቀድሞ ስለሚያሳየን፣ ምስጢሩ ቀስ በቀስ የሚገለጥበትን ውጥረት አጥቷል። ዴቪድ ዋርነር የሚጫወተው ባል ደግሞ ከመጀመሪያው የቀዘቀዘ በመሆኑ፣ ይህች ሴት ስምንት ዓመት ምን ይዟት ኖረች የሚለው ጥያቄ መልስ አያገኝም። ፎንዳ ጎበዝ ተዋናይ ናት፤ ሆኖም የእሷ ኖራ ገና ስትገባ መውጫዋን የምታውቅ ትመስላለች። የክሌር ብሉም ኖራ እዚያው ፊታችን ተቀምጣ ነው የምታውቀው።

እናቴ የፈለገችውን መጨረሻ ማየት ለሚሻ ደግሞ ኢራናዊው ዳሪዩሽ መህርጁዪ ታሪኩን ወደ ቴህራን ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው «ሣራ» አለ። በዚያ ፊልም ሚስትየው ዕዳዋን የምትከፍለው ሌሊት ሌሊት የሙሽራ ቀሚስ ላይ ዶቃ እየሰፋች ነው፤ በዚህም ዓይኗ ይደክማል። ስትወጣም ልጇን ይዛ ትወጣለች። ሣራን የተጫወተችው ኒኪ ካሪሚ በዚህ ሥራዋ በሳን ሴባስቲያን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አግኝታለች። ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው ይኼኛው ሳይሆን አይቀርም፤ እናቴንም በሚቀጥለው ጊዜ ይህን አሳያታለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።

የጋርላንድን ፊልም ለማየት ላሰበ ሰው የምመክረው ትዕግሥት ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዝግ ያለ ነው፤ ንግግሩ ይበዛል፤ ስልክ እየነካኩ የሚታይ ፊልም አይደለም። ልጆች ባሉበት ቤት የሚያሳፍር ትዕይንት የለውም፤ ትንንሾቹ ግን ይሰለቻሉ። ከተቻለ ከትዳር ጓደኛ ጋር ወይም በዕድሜና በኑሮ ከሚለዩን ሰዎች ጋር ቢታይ ይሻላል።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ «የዚያን ሌሊት የት አደረች?» ብላ ጠየቀችኝ። ክርስቲን የምትባለው ጓደኛዋ ዘንድ እንደምታድር፣ በማግስቱም ክርስቲን መጥታ ዕቃዋን እንደምትሰበስብላት፣ ከዚያ ወደ ትውልድ ከተማዋ እንደምትሄድ ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለችና «እስቲ ከደብዳቤው ጀምረሽ መልሺው» አለችኝ። መብራት አጥፍተን ከደብዳቤው ጀምሮ እንደገና አየነው፤ በዚህ ጊዜ እንድተረጉምላት አልጠየቀችኝም።